ቀድሞ የሚሰጠው ማን ነው? ፎጣ፣ እርካታና ታማኝነት በ«አረንጓዴ» ሆቴሎች ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት ትንሽ ካርድ ናት። በብዙ የዓለም ሆቴሎች መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ከፎጣ መስቀያው አጠገብ ትገኛለች። መልእክቷ በየቋንቋው ቢለያይም ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ፎጣውን ከሰቀሉት ዳግም ይጠቀሙበታል፣ ወለሉ ላይ ከተዉት ይለወጥልዎታል፣ ውኃና ኃይል በመቆጠብ አካባቢያችንን ስለሚጠብቁ እናመሰግናለን። ይህችን ካርድ ያላያችሁ ከሆነ አንድ ቀን ታዩአታላችሁ።

የቱሪዝምና የገበያ ጥናት ባልደረቦቼ ለአካባቢ ተስማሚ ስለሆኑ ሆቴሎች፣ ስለ እንግዶቻቸው እርካታና ታማኝነት ብዙ ጽፈዋል። ጥያቄያቸው በአብዛኛው «አረንጓዴ የሆነ ሆቴል እንግዳውን ያረካልን? የረካውስ ተመልሶ ይመጣልን?» የሚል ነው። እኔ የታሪክ ሰው ነኝና ጥያቄውን ከኋላው እይዘዋለሁ። እንግዳው አንድን ነገር መተዉ የሆቴሉ በጎ ሥራ ሆኖ መቆጠር የጀመረው እንዴት ነው? ከመተዉ የተረፈው ገንዘብስ ወዴት ሄደ? ካነበብኳቸው ጥናቶችና ከዘርፉ ታሪክ የምረዳው፣ የእንግዳው ልብ የሚዞረው በ«አረንጓዴነቱ» መጠን ሳይሆን መጀመሪያ የሰጠው ማን እንደሆነ በማየቱ ነው። ይህን ለማስረዳት ካርዷ ከመወለዷ በፊት ወደነበረው ዘመን ልመለስ።

በ1908 ኤልስዎርዝ ስታትለር የተባለ አሜሪካዊ በኒውዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ አንድ ሆቴል ከፈተ። 300 ያህል ክፍሎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መታጠቢያ ነበረው፤ ዋጋው ከአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ይጀምር ነበር። ዛሬ ይህ ለጆሯችን ምንም አዲስ አይደለም። በዚያን ዘመን ግን መካከለኛ ገቢ ያለው ተጓዥ በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን መታጠቢያ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይጋራ ነበር። ስታትለር የቧንቧ መስመሮቹን ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች መካከል በጋራ በማሳለፍ ወጪውን ቀነሰና የሀብታሞች የነበረውን የውኃ ምቾት ለነጋዴውና ለሻጩ አወረደው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን የሚያውቀው ሆቴል የተገነባው በዚህ ተስፋ ላይ ነው፤ የማያልቅ ሙቅ ውኃ፣ በየቀኑ የሚለወጥ ነጭ አንሶላ፣ ተደራርቦ የተቀመጠ ፎጣ። ዘርፉ «እርካታ» ብሎ የሰየመው ነገር የተለካው በብዛት ነበር። እንግዳው በቤቱ የማያገኘውን ትርፍ እዚያ ያገኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። በእኛ ባህል «ቤት ለእንግዳ» ሲባል ቤቱን የሚለቀው አስተናጋጁ ነው። ባለቤቱ መደቡን ለእንግዳው ትቶ ራሱ መሬት ላይ ይተኛል። በማዕድ ጊዜ ደግሞ እንግዳው «በቃኝ» ይላል፣ አስተናጋጁ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለ ያጎርሳል። ራስን መግታት የእንግዳው ጨዋነት ነው፤ መለመን የአስተናጋጁ ግዴታ ነው። የፎጣዋ ካርድ ይህን ሥርዓት ገልብጣዋለች። አስተናጋጁ ራሱ ቀድሞ «በቃዎት» ይላል። ይህ መገልበጥ እንግዳውን ቅር ማሰኘቱ የሚያስገርም አይደለም፤ የሚያስገርመው ብዙ ጊዜ ቅር አለማሰኘቱ ነው። ለምን እንደሆነ ቆየት ብለን እናያለን።

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ የምዕራቡ ዓለም ሆቴሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የመብራትና የማሞቂያ ሒሳባቸውን በጭንቀት ተመለከቱ። የወሰዱት እርምጃ ግን የጓዳ ሥራ ነበር። ቦይለር ተጠገነ፣ አምፖል ተቀነሰ፤ እንግዳው እንዳያውቅም ጥንቃቄ ተደረገ፤ ቁጠባ እንደ ድህነት ምልክት ይታይ ነበርና።

ከዚያ 1983 መጣ። በዚህ ዓመት የሆኑትን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ እወዳለሁ፤ በጊዜው ግንኙነት አልነበራቸውም፣ ኋላ ግን ይገናኛሉ። የመጀመሪያው፣ ሆሊዴይ ኢንና ማሪዮት አየር መንገዶች ከሁለት ዓመት በፊት የጀመሩትን አሠራር ተከትለው ለተመላላሽ እንግዳ ነጥብ የሚሰጥ መርሐ ግብር ዘረጉ። «ታማኝነት» ከዚያ በኋላ በመዝገብ የሚቆጠር፣ የሚጠራቀምና የሚመነዘር ነገር ሆነ። ሁለተኛው የተፈጸመው በፊጂ ደሴቶች ነው። ጄይ ዌስተርቬልድ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ወደ ሳሞአ ለምርምር ሲጓዝ ፊጂ ላይ አረፈ። ያረፈው ርካሽ ማረፊያ ውስጥ ነበርና ንጹሕ ፎጣ ፍለጋ በአቅራቢያው ወደነበረ አንድ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ተሹለክልኮ ገባ። እዚያም እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው እንዲጠቀሙ የምትለምን ካርድ አገኘ። ካርዷ ውቅያኖሱንና የኮራል ድንጋዩን ስለመጠበቅ ታወሳለች። መዝናኛው ግን በዚያው ጊዜ በዚያው ዳርቻ ላይ ተጨማሪ ማረፊያዎችን እየገነባ ነበር።

ዌስተርቬልድ ይህን ትዝብት በ1986 በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲያነሳው «ግሪንዋሽ» የሚለውን ቃል ተጠቀመ። ቃሉ የተቀረጸው ጉድፍን በኖራ ከመሸፈን ነው፤ በእኛ አነጋገር ግድግዳውን ኖራ ቀብቶ ስንጥቁን መሰወር፣ እዚህ ላይ ኖራው አረንጓዴ መሆኑ ብቻ ይለያል። ዛሬ ቃሉ ለነዳጅ ኩባንያዎች፣ ለመኪና አምራቾችና ለባንኮች ጭምር ይነገራል። የተወለደው ግን ከሆቴል መታጠቢያ ክፍል ነው። በሌላ አነጋገር፣ የአረንጓዴው ሆቴል ልመናና በዚያ ልመና ላይ የተነሣው ጥርጣሬ እኩያሞች ናቸው። ስለ እንግዳ እርካታ የምትጽፉ ሁሉ ይህን ብታስቡት መልካም ነው፤ ጥርጣሬው ኋላ የተጨመረ ሳይሆን አብሮ ያደገ ነው።

የ1990ዎቹን ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው፤ የተቋማት ዘመን ነው፣ ተቋማት ደግሞ ሰነዳቸውን በሚገባ ስለሚያስቀምጡ በቀላሉ ታገኟቸዋላችሁ። ኢንተርኮንቲኔንታል የአካባቢ ጥበቃ መመሪያ አዘጋጅቶ ለተፎካካሪዎቹ ጭምር ክፍት አደረገ፤ በ1992 ታላላቅ የሆቴል ኩባንያዎች በዌልሱ ልዑል ድጋፍ የጋራ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1993 በሂውስተን ካርዷን እያሳተመ የሚያከፋፍል የአረንጓዴ ሆቴሎች ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1994 በዴንማርክ «አረንጓዴ ቁልፍ» የሚባለው የምስክር ወረቀት ተጀመረ፤ ኮስታሪካም በ1997 የራሷን የምዘና ሥርዓት አወጣች። ካርዷ ከደሴት ወጥታ ዓለም አቀፍ ሆነች ማለት ነው።

በዚሁ ጊዜ የዘርፉ ምሁራን እርካታን የሚለኩበትን መሣሪያ እያበጁ ነበር። ሪቻርድ ኦሊቨር በ1980 እርካታ ማለት በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለ ልዩነት ነው የሚል ሞዴል አቀረበ። በ1988 ፓራሱራማን፣ ዘይትሃምልና ቤሪ የአገልግሎት ጥራት መለኪያቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ እዚህ ካላችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ውስጥ ሳትጠቀሙበት አልቀራችሁም። ኦሊቨር በ1999 ደግሞ ታማኝነት ከእርካታ የተለየ መሆኑን፣ ከማመን ወደ መውደድ፣ ከመውደድ ወደ ማሰብ፣ ከማሰብ ወደ ማድረግ በደረጃ የሚያድግ መሆኑን ጻፈ። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። «ተመልሼ እመጣለሁ» ያለ እንግዳ ሁሉ አይመለስም።

በ2003 ካሲኒስና ሶቴሪዩ 104 የአውሮፓ ሆቴሎችን ያካተተ ጥናት አሳተሙ። የአካባቢ ጥበቃ አሠራር የሆቴሉን የገበያ ውጤት እንደሚያሻሽል አገኙ፤ የሚያሻሽለውም በእርካታና በታማኝነት በኩል አልፎ ነው። እንግዳው ካልረካ አረንጓዴው አሠራር ወደ ገቢ የሚያደርሰውን ዋና ድልድይ አጣ ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በዴልሂና አካባቢው የተደረገው የማናክቶላና የጃውሃሪ ጥናት ሌላውን ገጽ አሳየ። የሕንድ እንግዶች ለአካባቢ የሚያስብ ሆቴል ይመርጣሉ፤ ነገር ግን የአገልግሎት ጥራት እንዲጓደልባቸው አይፈልጉም፣ ተጨማሪ ዋጋም ለመክፈል ፈቃደኞች አይደሉም። አንዳንዶች ይህን የእንግዳው ግብዝነት አድርገው ይተረጉሙታል። እኔ አልስማማም። እንግዳው የሚለው «አንተ ቀድመህ ክፈል» ነው፤ ይህ ደግሞ ከአስተናጋጅ የሚጠበቅ ጥንታዊ ነገር ነው።

አሁን በዘርፉ እጅግ ታዋቂ ወደሆነው ሙከራ እንምጣ። ጎልድስታይን፣ ቻልዲኒና ግሪስከቪሲየስ በ2008 ያሳተሙት ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በሚገኝ አንድ መካከለኛ ዋጋ ባለው ሆቴል፣ በ190 ክፍሎች፣ ለ80 ቀናት ሁለት ዓይነት ካርዶችን አስቀመጡ። አንደኛዋ የተለመደችው «አካባቢን እንጠብቅ» የምትለው ናት፤ ሁለተኛዋ ከእንግዶች አብዛኞቹ ፎጣቸውን ደግመው እንደሚጠቀሙ ትናገራለች። በመጀመሪያዋ 35.1 በመቶ፣ በሁለተኛዋ 44.1 በመቶ ፎጣ ዳግም ጥቅም ላይ ዋለ። ቀጥለው በሌላ ዙር ካርዷን «በዚሁ ክፍል ያረፉ እንግዶች» ብለው ሲጽፏት ውጤቱ ወደ 49.3 በመቶ ከፍ አለ። ከእናንተ በፊት በዚያው አልጋ የተኛ የማታውቁት ሰው ከውቅያኖሱ ይልቅ አሳመናችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው ካርዷ እንግዳውን ብዙ ጊዜ የማታስቀይመው፤ አስተናጋጁ «በቃዎት» ሲል ሳይሆን ሌላው እንግዳ «በቃኝ» ሲል ሰምቶ እርሱም ጨዋ ይሆናል።

ስለዚህ ጥናት ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የለካው ፎጣን እንጂ እርካታን ወይም መመለስን አይደለም፤ እርካታን እንዳረጋገጠ አድርገው የሚጠቅሱት ከጥናቱ አልፈው ሄደዋል። በጀርመን በሌሎች ተመራማሪዎች ሲደገምም ያንኑ ውጤት አልሰጠም፤ በዚያ አገር ፎጣን ደግሞ መጠቀም ቀድሞውንም የተለመደ ነበርና። ሁለተኛው ትዝብቴ የታሪክ ሰው ትዝብት ነው። እያንዳንዱን ፎጣ አይቶ የመዘገበው ማን ነበር? ክፍል የሚያጸዱት ሠራተኞች ናቸው። ጥናቱ የቆመው በእነርሱ ዓይንና እጅ ነው። በውጤቱ ውስጥ ግን ስለ እነርሱ የሚናገር ቁጥር የለም። ይህን ያዙልኝ።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2011 ሌላ ሙከራ አሳተሙ፤ እንደ እኔ እምነት ከቀደመው ይልቅ የሚያስተምር ነው። አንደኛው ካርድ «እናንተ ፎጣ ከቆጠባችሁ እኛ ለአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ገንዘብ እንሰጣለን» አለ። ሌላው «እኛ በእንግዶቻችን ስም አስቀድመን ሰጥተናል፤ እናንተስ?» አለ። በመጀመሪያው ካርድ ላይ የተጨመረው የልገሳ ተስፋ ከተለመደችው ካርድ የተሻለ ነገር አላመጣም። ሁለተኛው ግን በግልጽ በለጠ። ሁለቱ ካርዶች ላይ ገንዘቡ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ገበሬው አያቴ ይህን ለማወቅ ሙከራ አያስፈልገውም ነበር፤ ቀድሞ ያጎረሰ ይጎርሳል።

ከኖርዌይ የመጣ አንድ ውጤትም አለ። ካልቤከንና ሴለን በ2013 ባሳተሙት ጥናት በ52 ሆቴሎች የቡፌ ምግብ ብክነትን መረመሩ። በአንዳንዶቹ የሳህኑ መጠን እንዲያንስ ተደረገ፤ በሌሎቹ እንግዳው ደጋግሞ መመለስ እንደሚችል የሚናገር ጽሑፍ ተቀመጠ። ብክነቱ በመጀመሪያው 19.5 በመቶ፣ በሁለተኛው 20.5 በመቶ ቀነሰ፤ የእንግዶች እርካታ ግን አልተነካም። ጽሑፉን አስተውሉት፤ «ያንሱ» አላለም፣ «ደግመው ይምጡ» ነው ያለው። በአስተናጋጅ አፍ የሚያምረው ይህ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ የካርዷን ግማሽ ታሪክ ነው። ሌላው ግማሽ 1983 ላይ ለይቼ ያስቀመጥኳቸውን ሁለት ነገሮች፣ ነጥቡንና ፎጣውን፣ ያገናኛል። በ2000ዎቹ ማብቂያ ላይ ስታርውድ የተባለው የሆቴል ኩባንያ አንድ መርሐ ግብር ጀመረ። እንግዳው ክፍሉ እንዳይጸዳ ከመረጠ አምስት ዶላር የሚያወጣ የምግብ ኩፖን ወይም 500 የታማኝነት ነጥብ ይሰጠዋል። መርሐ ግብሩ «አረንጓዴ ምርጫ» ተባለ። ከንድፈ ሐሳብ አንጻር ብልህ ነበር፤ አስተናጋጁ ከቁጠባው ለእንግዳው ያካፍላል፣ እንግዳው ይረካል፣ ነጥቡም መልሶ ያመጣዋል። እርካታ፣ ታማኝነትና አካባቢ በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። ይህን ብቻ የሚለካ መጠይቅ ብታዘጋጁ ደስ የሚል ውጤት ታገኛላችሁ።

ከቁጠባው ውስጥ ግን ውኃና ሳሙና ብቻ አልነበረም፤ የሰው ሰዓትም ነበረበት። ያልጸዳ ክፍል ያልተከፈለ ሰዓት ነው። ክፍል አጽጂዎቹ ሁለት ነገር አማረሩ። ሥራው ሲቀንስ የሚጠሩበት ቀን ይቀንሳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠሩም አያውቁም። በሌላ በኩል ለሦስት ቀን ያልተጸዳ ክፍል ሲከፈት ቆሻሻው ተከማችቶ ይጠብቃቸዋል፤ መታጠቢያው ለመፈግፈግ ይከብዳል፣ የተመደበላቸው የክፍል ብዛት ግን ያው ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ቆሻሻውን ለማስለቀቅ የበለጠ ኃይለኛ ኬሚካል እንደሚያስፈልግ ተናገሩ፤ ይህ እንግዲህ በአካባቢ ስም ነው።

ማሪዮት በ2016 ስታርውድን ገዛ። በ2018 መጸው በቦስተን፣ በሳን ፍራንሲስኮ፣ በዲትሮይት፣ በሃዋይና በሌሎችም፣ በድምሩ በስምንት ከተሞች፣ ወደ 7,700 የሚጠጉ የማሪዮት ሆቴሎች ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ዋናው ጥያቄያቸው ደመወዝ ነበር፤ አንድ ሥራ ለመኖር ይብቃን አሉ። «አረንጓዴ ምርጫ»ም ከአቤቱታዎቻቸው አንዱ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮው አድማ ሁለት ወር ቆየ። ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ ብዙ ሆቴሎች የዕለት ጽዳትን እንግዳው ካልጠየቀ በቀር ማድረግ ሲያቆሙ ክርክሩ ወደ ከተማ ምክር ቤቶችና ወደ ሕግ አውጪዎች ወጣ። በዋሽንግተንና በላስ ቬጋስ ሆቴሎች ውስጥ ክፍል ከሚያጸዱት መካከል የአገራችን ልጆች አሉ፤ ጉዳዩ ከእኛ ቤት የራቀ አይምሰላችሁ።

እነዚህ ሠራተኞች የአካባቢ ጥበቃ ጠላቶች ነበሩ የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። እነርሱ የተቃወሙት የሰጪውን ማንነት ነው። በካርዷ ላይ ሰጪው ሆቴሉ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ተቀባዩ እንግዳውና ምድር ናቸው። በእውነቱ ከሰጪዎቹ አንዷ ስሟ በካርዷ ላይ የሌለ ሴት ነበረች፤ ሳትጠየቅ ነው የሰጠችው። ዌስተርቬልድ በ1983 ያየው ስንጥቅ በግንባታውና በካርዷ መካከል ነበር። ይህ ሁለተኛው ስንጥቅ ከዚያ ይልቅ የተሰወረ ነው፤ እንግዳው ወደ ክፍሉ ሲመለስ አጽጂዋ አትኖርም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ታሪኩ በሌላ በር ነው የገባው። በእኛ ዘንድ አረንጓዴው ማረፊያ ከከተማ ሆቴል ፎጣ ሳይሆን ከገጠር መሬት ነው የጀመረው። በላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው ቢሻንጋሪ በአገሪቱ የመጀመሪያው ኢኮ ሎጅ ተብሎ ይታወቃል። በዋልያና በጭላዳ መኖሪያ በሰሜን ተራሮች፣ በባሌ ሐረና ጫካም ሌሎች ተከትለዋል። ቢሻንጋሪ በጥቅምት 2016 በአካባቢው በተነሣው ሁከት ተቃጠለ። የዚያን ወቅት ፖለቲካ ወደ አንድ ሎጅ ማሳነስ ስህተት ነው፤ ምክንያቶቹ ሰፊና ጥልቅ ነበሩ። ሆኖም ስለ ሎጅ የሚጽፍ ሰው የእንግዳውን ታማኝነት ብቻ ለክቶ፣ የጎረቤቱን ሳይለካ ማለፍ እንደማይችል ያ ዓመት አሳይቷል።

በሰሜን ወሎ መቄት ደግሞ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተጀመረውና «ተስፋ» በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም፣ ገበሬዎች በአምባው ጫፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎችን ሠሩ። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይጓዛል፣ ጓዙን አህያ ይጭንለታል፣ ገቢውም ወደ ማኅበረሰቡ ይገባል። የቧንቧ ሙቅ ውኃ የለም፤ የስታትለር ተስፋ እዚያ አልደረሰም። ካርድም የለም፤ ውኃው ከየት ተቀድቶ በማን ጀርባ እንደመጣ እንግዳው በዓይኑ ስለሚያይ ቆጥብ ብሎ የሚለምነው አያስፈልገውም። ይህን የምለው ድህነትን ለማሞገስ አይደለም፤ ሴቶች ውኃ ተሸክመው መውጣታቸውን ማንም ሊያሞግሰው አይገባም። ነጥቤ የሰጪው ፊት መታየቱ ነው።

ከእናንተ መካከል በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ስላሉ ሆቴሎች የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ አላችሁ። መጠይቃችሁ «ይህ ሆቴል ለአካባቢ ተስማሚ በመሆኑ ረክቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገርና አምስት ሳጥኖች ይኖሩታል። ይሁን፤ ማስወገድ አትችሉም። ግን ከሪሴፕሽኑ ወደ ታችኛው ፎቅ ውረዱ። ላውንደሪው በየቀኑ ስንት ኪሎ እንደሚያጥብ የሚመዘገብበት ደብተር ካለ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የክፍል አጽጂዎቹን የሥራ ሰሌዳ ካርዱ ከመቀመጡ በፊት ካለው ወር ጋር አስተያዩት። ካርዱ ከመጣ በኋላ የውኃ ሒሳቡ ምን ያህል ወረደ፣ ልዩነቱስ በየትኛው የሒሳብ መዝገብ ገባ? ከዚያ በኋላ መጠይቃችሁን ይዛችሁ ወደ እንግዳው ተመለሱ፤ ያገኛችሁትንም አሳዩትና ያን ጊዜ ስለ እርካታው ጠይቁት።